የጎተራዋ መቀነት

ተረት ተረት ስላችሁ "የመሠረት" ማለት ልማዳችሁ ነው። የዛሬው ግን የጎተራ ተረት ነውና "የሙሉ ጎተራ በረከት" በሉኝ። አላችሁ? ተባረኩ። እንግዲህ ስሙኝ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ትምህርት ቤት በነበራቸው ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ነበረ። ከገደሉ ሥር፣ ወንዝ ዳር ባለው ጫካ ውስጥ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ነበረ። የአፋፉ አለቃ ጭላዳ ነበር፤ የወንዝ ዳሩ አለቃ ጉሬዛ። ሁለቱ በልጅነታቸው አንድ መምህር እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። ያን ጊዜ ጉሬዛ እንዳሁኑ ነጭ ካባ አልነበረውም፤ ከአናቱ እስከ ጅራቱ ጥቁር ነበር። ጭላዳም ደረቱ ላይ ያ ቀይ ምልክት አልነበረውም። እንዴት እንዳመጡት ነው የምነግራችሁ።

ወንዝ ዳር የሚማሩት ጥንቸሎች፣ ቆቆች፣ የድኩላ ግልገሎችና የጉሬዛ ልጆች ነበሩ። የሚማሩትም ዝናብ ከየት እንደሚመጣ በነፋስ ሽታ ማወቅ፣ ዳና ማንበብ፣ ከሁሉ የሚከብደውን ደግሞ፣ ነብር ሲያልፍ ዝም ማለትን ነበር። ቆቆች በዚህ በመጨረሻው ትምህርት በየዓመቱ ይወድቃሉ። ምን ይደረግ? አፍ ሰጥቷቸው ዝምታ ነስቷቸዋል። ለዘፈን ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም።

ይህ ሁሉ ተማሪ የሚበላው ከአንዲት ጎተራ ነበር። አያቶቻቸው ከቀርከሃ ሠርተው፣ በጭቃ መርገው፣ የሣር ክዳን ደፍተውላት፣ ገብስ ሞልተው ያወረሷቸው ጎተራ ናት። ወገቧን በነጭ መቀነት አስረውታል። መቀነቱ ሥር አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ቀዳዳዋ የምትከፈተው መቀነቱ ሲፈታ ብቻ ነው። አያቶች የተዉት ሕግም ይህ ነበር፦ "ከመቀነት በላይ ያለውን ብሉ፤ ከመቀነት በታች ያለውን ዝሩ።"

የላይኛው ገብስ በክዳኗ በኩል እየተቀዳ ለተማሪው ቆሎ፣ ለመምህሩ ቂጣ፣ ለእንግዳው ጠላ ይሆናል። የታችኛው ግን ሰኔ ገብቶ ዝናብ ሲጥል ለዘር ይወጣል። ኅዳር ላይ አዝመራው ሲሰበሰብ መጀመሪያ ጎተራዋ እስከ መቀነቷ ትሞላለች፤ ከዚያ የተረፈው ከመቀነት በላይ ይሆንና ይበላል። ስንቱ አለቃ መጣ፣ ስንቱ አለቃ አለፈ፤ ጎተራዋ ግን አልጎደለችም።

ትናገርም ነበር። በዚያ ዘመን የማይናገር ነገር የለም፤ ድንጋዩም ሲረግጡት "ቀስ በል" ይል ነበር። የጎተራዋ ድምፅ ግን ዝግ ያለ፣ እንደ ጠገበ ሰው የረጋ ነበር።

ጉሬዛ ደግ አለቃ ነው። የታመመ ይጠይቃል፣ የተጣላ ያስታርቃል። አንድ ነገር ብቻ ልቡን ትበላው ነበር፤ እሷም የገና ጨዋታ ናት። በየዓመቱ አዝመራው ከገባ በኋላ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በአፋፉና በወንዙ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ቆልማማ ዱላቸውን ይዘው ሩሯን፣ ያችን የእንጨት ኳስ፣ እየመቱ ይራወጣሉ። በየዓመቱም የወንዝ ዳር ልጆች ይሸነፋሉ። የአፋፍ ልጆችም እየጨፈሩ እንዲህ ይላሉ፦

ሩሯ ዳገት ወጣች፣ ማን ይመልሳታል፤
ጉሬዛ ዛፍ ላይ ነው፣ ቁጭ ብሎ ያያታል።

በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣምና ጉሬዛ አብሯቸው ይስቃል። ጥርሱ ይስቃል ማለቴ ነው። ቤቱ ሲገባ ግን እህል አይበላለትም።

አንድ ዓመት እንዲሁ ተሸንፎ ሲመለስ ቀና ብሎ ወደ አፋፉ አየ። ሦስት ጎተራዎች ገደሉ ጫፍ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ጉሬዛ ሲያያቸው ኖሯል፤ ያን ቀን ግን አየት አድርጎ አላለፋቸውም።

"አየሻቸው?" አላት ጦጣን። ጦጣ የጨዋታው አዝማችና የአለቃው መካሪ ነበረች።

"አየሁ እንጂ" አለች ጦጣ። "እነሱ ሦስት፣ እኛ አንድ። ሦስት ያለው አንድ ያለውን ቢያሸንፍ ምን ይገርማል? እኛን የሚያሸንፉን እኮ ልጆቹ አይደሉም፣ ጎተራዎቹ ናቸው።"

ይህ ነገር ጉሬዛን ደስ አሰኘው። ሰው ለሽንፈቱ ምክንያት ሲያገኝ ያሸነፈ ያህል ይቀለዋል። ጎተራዎቹ ምን ያህል እንደሞሉ አልጠየቀም። ስንት አፍ እንደሚበላባቸውም አልጠየቀም። ቁመታቸውን አይቶ ፈረደ።

"ታዲያ ምን ይሻለናል?" አላት።

"ሚዳቋን እናምጣ። ሚዳቋ ከሮጠች ማን ይደርስባታል?"

በዓመቱ ጨዋታው ሲቃረብ ጉሬዛ ወደ ጎተራዋ ሄደ።

"እማማ ጎተራ፣ እንደምን አደሩ?"

"እግዜር ይመስገን ልጄ። እጅህ መቀነቴ ላይ ምን ይሠራል? ሰኔ ደረሰ እንዴ?"

"አልደረሰም እማማ። ለጨዋታው ነው። ትንሽ ገብስ ፈልጌ ነው።"

"ከላይ ቅዳ።"

"የላዩ አይበቃም።"

"የማይበቃ ከሆነማ ጨዋታው ነው የበዛው። ልጄ፣ መቀነቴን አትፍታ።"

"ለዘንድሮ ብቻ ነው" አለ ጉሬዛ። ፈታው።

ሚዳቋ መጣች። "በቀን ስንት ጊዜ ታበሉኛላችሁ?" ብላ ጠየቀች።

"ጠዋት፣ ቀትርና ማታ" አለች ጦጣ። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ እነሱ የሚበሉት ጠዋትና ማታ ነበር።

"ትምህርትስ አለበት?"

"አንቺን ማን ያስተምርሻል! አንቺ ሩጪልን እንጂ።"

ጨዋታው ሆነ። ሚዳቋ እንደ ነፋስ በረረች። ነገር ግን በአፋፍ በኩል፣ ከማንም ተማሪ ጋር ተቀምጦ የማያውቅ አንድ ሰስ፣ ያ ገደል ለገደል የሚዘል የሚዳቋ ዘመድ፣ ዱላ ይዞ ተሰልፏል። ጭላዳ የሚዳቋን መምጣት ሰምቶ እሱም ከድንጋዩ ሰስን አምጥቶ ኖሯል። ወንዝ ዳር በአንዲት ግብ ተሸነፈ።

"በአንዲት ብቻ!" አለች ጦጣ። "አየህ አለቃ፣ ደርሰንባቸዋል!"

ሰኔ ደረሰ። የማሳው ኃላፊ ጃርት ነበር፤ አፈር ምሶ ዘር የሚዘራ ትጉህ ሽማግሌ። ወደ ጉሬዛ መጥቶ "አለቃ፣ ዘሩ ማሳው ዳር ሳይደርስ አለቀብኝ" አለ።

"ለዘንድሮ ብቻ ነው" አለ ጉሬዛ።

ያነሰ ተዘርቶ ያነሰ ታጨደ። ከመቀነት በላይ የተረፈው ጥቂት ነበር፤ ቆሎው ከሁለት ወደ አንድ ጊዜ ወረደ። ጥንቸሎች አልቻሉም፣ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሣሩ ሄዱ።

ጉሬዛ ይህን ሲያይ ልቡ ደንግጧል። ሊተወውም አስቦ ነበር። ግን ያቺ አንዲት ግብ ዓይኑ ላይ ትሄዳለች። ዝም ብሎ ቢሸነፍ ይሻለው ነበር፤ ለጥቂት መሸነፍ እንቅልፍ ይነሳል።

"ሩጫስ አገኘን፣ የጎደለን ጉልበት ነው" አለች ጦጣ። "ከርከሮን እናምጣው።"

ጉሬዛ ወደ ጎተራዋ ሄደ።

"እማማ ጎተራ፣ እንደምን ሰነበቱ?"

"ስስ ሆኜ ሰነበትኩ ልጄ።" ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ያስተጋባ ነበር። "መቀነቴን አትፍታ።"

"ለዘንድሮ ብቻ ነው።"

"አምናም ለዘንድሮ ነበር ያልከኝ።"

"አምና የነበረው ዘንድሮ አለፈ እኮ እማማ" አለ ጉሬዛ። ፈታው።

ከርከሮ መጣ። ጠዋት በላ፣ ቀትር በላ፣ ማታ በላ፣ በመካከሉም የጃርትን ማሳ ቆፍሮ ሥሩን በላ። ለጨዋታው ቀን ሜዳ ሲወጣ መሬቱ ራደ። በአፋፍ በኩል ግን ጭላዳ ዋልያን አቁሟል፤ ቀንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ጢሙ የተንዠረገገ ዋልያ። ቀኑን ሙሉ ሲጋፉ ዋሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ አቻ ለአቻ ተለያዩ። ሩሯ ራሷ "ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እኔ እንጨት ነኝ እንጂ ጠላታችሁ አይደለሁም!" ብላ ጮኸች። የሰማት የለም።

ሰኔ ደረሰ። ጃርት "አለቃ፣ ዘሩ የማሳውን እኩሌታ አልሞላም" አለ።  ኅዳር ላይ አዝመራው ከመቀነቱ አልደረሰም። ከመቀነት በላይ የሚባል ነገር ጠፋ። የድኩላ ግልገሎች እናቶቻቸው መጥተው ወሰዷቸው። የጉሬዛ ልጆች ወደየዛፋቸው ተበተኑ። በመጨረሻ ቆቆች ሄዱ። ቆቅ ሄዳ እንኳ ዝም አትልም፤ እየጮኹ ሄዱ፣ ድምፃቸው በወንዙ ማዶ እየራቀ እየራቀ ጠፋ።

አሁን ቢተወው ምን ነበረበት? ግን "ካፈርኩ አይመልሰኝ" የሚሉት ነገር አለ። ሁለት ዓመት የደከመበትን ማን ይተዋል? ጦጣም "ዘንድሮ ካላሸነፍን ያለፈው ሁሉ ከንቱ ነው" አለችው። "የወይራ ዱላ እናስጠርብ፣ ሚዳቋና ከርከሮን ደግሞ እስኪጠግቡ እናብላ።"

ጉሬዛ ወደ ጎተራዋ ሄደ። እንደምን አደሩ ሊል አፈረ።

"ልጄ... ጄ... ጄ..." አለች ጎተራዋ። ባዶነቷ ቃሏን እየመለሰ ያስተጋባ ነበር። "መቀነቴን አትፍታ አልልህም። ስትፈታው ግን ይዘኸው ሂድ። ወገብ ከሌለኝ መቀነት ምን ያደርግልኛል?"

ጉሬዛ ፈታው። የቀረው ገብስ ወደ ቁናው ፈሶ አለቀ። ነጩን መቀነት የት እንደሚያስቀምጠው ቸግሮት ትከሻው ላይ ጣል አደረገው።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። ጉሬዛ አሻግሮ አየ፤ ዋልያ የለም። ሰስም የለም። ለጭላዳ የቆሙለት የራሱ ልጆች ብቻ ነበሩ፤ ጥቃቅን ጭላዳዎች፣ ዱላው ከቁመታቸው የሚበልጥ። ሚዳቋ ሮጠች፣ ከርከሮ ገፋ፣ የወይራው ዱላ ሩሯን ቋ! አደረጋት። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ወንዝ ዳር አሸነፈ።

አሸነፈ! ጉሬዛ ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ዘፈኑን ለመስማት ወደ ኋላው ዞረ።

ማንም አልነበረም። ቆቆች የሉም፣ ጥንቸሎች የሉም፣ ልጆቹ የሉም። ሚዳቋ እግሯን ትልሳለች። ከርከሮ ሣሩን ይምሳል።

"ዝፈኑ እንጂ!" አላቸው።

"ዘፈኑን አናውቀውም" አለች ሚዳቋ።

"ምሳ የት ነው?" አለ ከርከሮ።

ምሳ እንደሌለ ሲሰሙ የዚያኑ ዕለት ሄዱ። ለነገሩ አልፈርድባቸውም፤ ውሻ እንኳ የሚጮኸው በበላበት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አበው ይህን አይተው ይሆናል። ጦጣም የሰው ማሳ ፍለጋ ወጣች፤ እስካሁንም አልተመለሰችም፣ ዛሬም ከሰው ማሳ ነው የምትባረረው። ጉሬዛ ሜዳው መካከል መቀነቱን እንደለበሰ ብቻውን ቀረ። ያን ቀን ያለቀሰውን ልቅሶ በተሸነፈባቸው ዓመታት ሁሉ አላለቀሰውም።

ሰኔ ደረሰ። ዝናቡ ጣለ። ጃርት ማሳውን ምሶ፣ አለስልሶ መጣ።

"አለቃ፣ መሬቱ ተዘጋጅቷል። ዘሩስ?"

ጉሬዛ አንገቱን ደፋ።

"ቆቆች ወንዙ ማዶ ሆነው ይጠይቁኛል" አለ ጃርት። "‘ትምህርት ቤቱ ይከፈታል ወይ?’ ይሉኛል። ይህ ዝናብ ካለፈን አይከፈትም። ምን ልበላቸው?"

ጉሬዛ ተነሣ። መቀነቱን ትከሻው ላይ እንደጣለ ገደሉን ወጣ። ዛፍ የለመደ እግር ገደል ሲወጣ ይደማል፤ የእሱም ደማ። አፋፉ ላይ ሲደርስ ጭላዳ ከሦስቱ ጎተራዎች ሥር ተቀምጦ አገኘው።

"ደህና መጣህ፣ አሸናፊው" አለ ጭላዳ። አልቀለደበትም።

"ዘር ልለምንህ ነው የመጣሁት" አለ ጉሬዛ። "ጎተራዬን ጨረስኩ። አንተ ሦስት አለህ።"

ጭላዳ እጁን ያዘው። ወደ መጀመሪያዋ ጎተራ ወስዶ በጡጫው መታ አደረጋት።

"ማነው... ነው... ነው..." አለች ጎተራዋ።

ጉሬዛ ያን ድምፅ ያውቀዋል። 

ሁለተኛዋን መታት። "ማነው... ነው... ነው..."

ሦስተኛዋን መታት። "ምን ፈለጋችሁ?" አለች፣ ዝግ ባለ፣ በረጋ ድምፅ። ወገቧ ላይ መቀነቷ ታስሯል።

"የመጀመሪያዋን የጨረስኳት አንተ ሚዳቋን ስታመጣ ነው" አለ ጭላዳ። "ሁለተኛዋን ከርከሮን ስታመጣ። ከታች ሆነህ ጎተራዬን እያየህ ትቀና ነበር አሉ፤ እኔም ከላይ ሆኜ ሚዳቋህን እያየሁ እፈራ ነበር። የወይራ ዱላ ማስጠረብህን የሰማሁ ዕለት የዚችን መቀነት ይዤ ነበር፤ ይኸው በዚህ እጄ። ጧት ነበር። ከዚያ ዝም ብዬ ወደ ታች፣ ወደ ጫካህ አዳመጥኩ። ቆቆችህ አይጮኹም። ተወልጄ ባደግሁበት አገር የቆቅ ድምፅ የሌለበት ጧት ሰምቼ አላውቅም። እጄን መለስኩ።"

"እና... እኔ አላሸነፍኩም?"

"አሸንፈሃል እንጂ። እኔም ተሸንፌያለሁ። ግን ሰኔ ላይ የምዘራው አለኝ።"

ይህን ብሎ ጭላዳ ባዶዎቹን ጎተራዎች አየ። "ከሦስቱ ሁለቱን! ለአያቶቼ ምን እላቸዋለሁ?" ብሎ ደረቱን ደቃ። እንደ ለቀስተኛ ደጋግሞ ደቃ። ቆዳው እስኪቀላ ደቃ፤ ያ ቅላት እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ጥቂት ሲረጋጋ ጉሬዛን ተመለከተው። "ከመቀነት በታች አልሰጥህም፤ የእናቴ ልጅ ቢለምነኝም አልሰጥም። ከመቀነት በላይ ያለው ደግሞ የልጆቹ ቁርስ ነው። እነሱን ጠይቅ።"

ጉሬዛ ልጆቹን ጠየቀ። አለቃ ሆኖ ሕፃናት ፊት መለመን ቀላል አይደለም፤ ግን ለመነ። ጥቃቅኖቹ ጭላዳዎች ተያዩ። ከመካከላቸው አንዷ "የወንዝ ዳር ልጆች ካልተመለሱ ለገና ከማን ጋር ልንጫወት ነው?" አለች። ሁሉም "እውነቷን ነው!" አሉ። ቁርሳቸውን ትተው ገብሱን ሰፍረው ሰጡት።

ጉሬዛ ገብሱን ተሸክሞ ወረደ። ጃርት ዘራው። ጉሬዛም ባዶዋ ጎተራ ፊት ቆሞ "እማማ፣ እስከ መቀነትዎ ድረስ እስኪሞሉ እህል በአፌ አይዞርም" ብሎ ማለ። ቅጠል በላ። ኅዳር ሲመጣ ከአዝመራው ትንሽ ለልጆቹ ሰጠ፣ የቀረውን ለጎተራዋ፤ እሱ ቅጠል በላ። በሚቀጥለውም ዓመት ቅጠል በላ። በዚያ በሚቀጥለውም። ቆቆች ተመለሱ፣ ጥንቸሎች ተመለሱ፣ የድኩላ ግልገሎች ተመለሱ።

ጎተራዋ የሞላች ቀን ጉሬዛ መቀነቱን ከትከሻው አውርዶ ሊያስታጥቃት ቀረበ።

"ተወው ልጄ" አለችው፣ ድምፅዋ ረግቶ። "እኔን ሌላ አስታጥቀኝ። ያን አንተው ልበሰው። እኔን ማየት የረሳህ ቀን የገዛ ትከሻህን ታያለህ።"

ለዚህ ነው ጉሬዛ ነጭ ካባ የለበሰው። መሐላው ካለቀ በኋላ እንኳ ጥርሱ ቅጠል ለምዶ እህል አልፈለገም፤ አገሩም "መናኝ ነው" ይለዋል።

ገና ሲደርስ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሜዳው ላይ ተገናኙ። የተሰለፉት ተማሪዎቹ ብቻ ነበሩ። ወንዝ ዳር ተሸነፈ፤ ያውም ክፉኛ። ጉሬዛ ወደ ኋላው ዞረ። ቆቆች አንገታቸውን አስረዝመው፣ ደረታቸውን ነፍተው ይዘፍናሉ፦

ሩሯ ዳገት ወጣች፣ እኛም ተሸነፍን፤
ጎተራችን ሙሉ፣ ከርሞ እንመጣለን።

ጉሬዛ ሳቀ። ጥርሱ ብቻ አይደለም የሳቀው።

እናንተም የጎረቤታችሁን ጎተራ ቁመት አይታችሁ የራሳችሁን መቀነት አትፍቱ። ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦው ግን ከመቀነት በላይ ካለው ገብስ የተጋገረ ይሁን። የዘር ከሆነ ይቅርብኝ፤ አፌን በእጄ እጠርጋለሁ።